የጀልባውን አጥንት ማን መረጠ?

ጋሽ እንድሪስ በሞቱ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤታቸው ድረስ የምስክር ወረቀት መጣላቸው። ቀልድ አይደለም። መስታወት የገባለት፣ ዙሪያው በወርቃማ አልሙኒየም የተከፈፈ፣ «ለታታሪው የፈጠራ ባለሙያ» የሚል ወረቀት። ይዘውት የመጡት ደግሞ የሰውየውን ጀልባ መጋዘን ውስጥ ቆልፈው ያስቀሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ልማድ ሆኖብኝ ክፈፉን በጥፍሬ መታ መታ አደረግኩት። ስስ ነው። ጋሽ እንድሪስ ቢሆኑ ለዶሮ ቤት እንኳ አይገዙትም ነበር።

ቶሎ እንደምነድ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል፤ አሁንም እየነደደኝ ነው የማወራው። ስሜ አስካለ ነው፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወርጄ ሸዋ ሮቢት ስመደብ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እቀየራለሁ» ብዬ ነበር፤ ይኸው ሙቀቱን ለምጄ ብርዱን ረሳሁት። የእኔ ነገር ይቆይ። የማወራው ስለ ጋሽ እንድሪስ ነው።

አስፋልቱ ዳር የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሽርጣቸው በላይ ሰማያዊ የሥራ ጋዋን የሚደርቡ። ኮፊያቸው ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ አንድ ረጅም ሚስማር ይሰካሉ። ያገኙትን ነገር ሁሉ በዚያ ሚስማር መትተው ያዳምጣሉ፤ የባጃጅ መደገፊያ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ የጎረቤት ድስት። አንድ ቀን ደም ግፊታቸውን ልለካቸው ጤና ጣቢያ ቢመጡ የአልጋዬን እግር መታ አደረጉና «ሲስተር፣ ይሄ አልጋ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል» አሉኝ። ሳቅኩባቸው። ወር ሳይሞላ አልጋው ከነታካሚዋ ቁጭ አለ።

ከከተማው በታች ያለው ወንዝ በጋውን ሕፃናት ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት ነው። ክረምት ላይ ግን አያድርስ! እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይጥል፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ከላይ ደጋው፣ ጣርማ በር ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ድልድይ ያለው አስፋልቱ ላይ ብቻ ነው፤ ማዶ ያሉት ሰዎች ወደ ድልድዩ የሚወጡበትን መንገድ ደግሞ ሌላ ጎርፍ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ወንዙ ከሞላ ማዶ ያለች ወላድ አዋላጅ የላትም።

ከድጃ የምትባል ሴት በዚህ ምክንያት ሞተች። ምጥ ላይ ደም እየፈሰሳት በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት፤ እኔም ተደውሎልኝ በዚህ በኩል ደረስኩ። በመሃላችን ያለው ውሃ ሰፊ አይደለም፣ የሰዎቹን ፊት እለያለሁ። ጓንቴን አጥልቄ ቆሜያለሁ። ለምን እንዳጠለቅኩት አላውቅም፣ ምን ልነካ ነው? ከጧት እስከ ቀትር ቆምኩ። ከዚያ ማዶ ያሉት ሴቶች እሪ ሲሉ ገባኝ። ጋሽ እንድሪስ ያን ቀን ማዶ ላለው መስጊድ መስኮት ሊገጥሙ መጥተው አጠገቤ ቆመው ነበር። ጓንቱን ከእጄ ያወለቁልኝ እሳቸው ናቸው።

በሳምንቱ ስልክ ደወሉልኝ። «ጀውሃ ነይ፤ ውሃ ላሳይሽ» አሉኝ። ውሃ ጠፍቶኝ ነው? ብዬ እያጉረመረምኩ ሄድኩ። እዚያች ትንሽ ከተማ፣ ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ የአንድ መኪና ሸራ ከነመወጠሪያ ቀስቶቹ ወልቆ፣ ተገልብጦ ተጥሏል። ሆዱ ዝናብ አቁሯል፣ ድንቢጦች ጠርዙ ላይ ቆመው ይጠጣሉ።

«ይሄ ውሃ እዚህ ከተኛ አራት ቀኑ ነው» አሉ። «ሥሩን ዳብሺው።»

ዳበስኩት። አፈሩ ደረቅ ነው።

«ውሃ የማያስወጣ ሸራ ውሃ ያስገባል እንዴ ሲስተር?»

በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ሆነው አሰብ ድረስ ይመላለሱ ነበር፣ ጀልባ የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተዋል። እኔ ጣና እንኳ ሄጄ አላውቅም። የመኪና ሸራ ቆዳው፣ ቱቦ አጥንቱ ይሆናል፤ ሁለት ሰው ተሸክሞት ወንዙ ለመሻገር ወደሚያመችበት ቦታ ይወርዳል አሉኝ። ብረት አይሆንም፣ ይከብዳል፣ ይዝጋል። አልሙኒየም ነው የሚሆነው። ሰውየውን ሐዘኑ ነካ አደረጋቸው እንዴ ብዬ ነበር፣ አልዋሽም።

ያን በጋ ሥራ በሌለኝ ቀን ሁሉ ቱቦ ፍለጋ ይዘውኝ ይዞሩ ነበር። ወይ ጉድ! እኔ ለልጄ ጫማ ስመርጥ እንደዚያ ተጨንቄ አላውቅም። አሮጌ ብረታ ብረት የሚሸጥበት ግቢ ይገቡና ቱቦውን አንስተው እንደ መነጽር ወደ ፀሐይ ይመለከቱበታል። ውስጡ ቀጥ ያለ መሆኑን፣ ግድግዳው አንድ ወገን ወፍሮ አንድ ወገን አለመሳሳቱን ያያሉ። ከዚያ ሚስማሩን ከኮፊያቸው ነቅለው መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ይሰጡታል። በመጨረሻ ጉልበታቸው ላይ ያጎብጡታል። ጎብጦ ከቀረ ይጥሉታል፣ ጭራሽ አልጎብጥም ካለም ይጥሉታል፤ «እንዲህ ያለው ድንገት ይሰነጠቃል» ይላሉ። እሺ ብሎ ጎብጦ ተመልሶ ቀጥ ሲል ብቻ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ለብቻ ያኖሩታል።

ሻጩ አስማማው ይባላል፣ ቀልደኛ ነው። መጀመሪያ ቀን የሚያብረቀርቅ አዲስ ቱቦ አውጥቶ አቀረበላቸው።

«ለመጋረጃ ነው አይደል ጋሼ? ይሄን የመሰለ የለም።»

«መጋረጃ አይደለም። ሰው ነው የሚቀመጥበት» አሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ በግ ነው እንዴ የሚመርጡት? ሦስት ሰዓት ሆነን እኮ!»

«በግ ቢከሳ ወጡ ይቀጥናል እንጂ ማንም አይሰምጥም» ብለው ቱቦውን መለሱለት።

መጨረሻ ላይ የፈለጉትን ያገኙት ከግቢው ጥግ፣ የተጣሉ የሆስፒታል ቃሬዛዎች ክምር ውስጥ ነው። መሸከሚያቸው ግራጫ፣ የተጫጫረ፣ ቀለሙ የተላጠ አልሙኒየም። አንዱን ጉልበታቸው ላይ አጎበጡት፤ ተመለሰ። ሌላውንም፤ ተመለሰ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይሄ ሰው መሸከም ለምዷል» አሉ። ቱቦውን ሲያገጣጥሙ ብየዳ አላስነኩትም፤ አልሙኒየም እሳት ካየ ልቡ ይለሰልሳል ብለው አንዱን ቱቦ በአንዱ ውስጥ እያስገቡ በሪቬት ሚስማር መቱት። የየቱቦውን አፍ በእንጨት ወተፉ። ሸራውን የሰፉት ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ናቸው፣ በትልቅ የሸራ መርፌ፣ ስፌቱን በሰም እያሹ።

ሁለት ክረምት ሠራ ያ ጀልባ። ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተወጥሮ፣ ጎርፉ ጋብ ሲል ገመዱን እየሳቡ ያሻግራሉ። አስቀያሚ ነበር፤ አረንጓዴ ሸራ፣ ግራጫ አጥንት፣ ሁለት ጎኑ ላይ የታሰረ በአየር የተነፋ የመኪና ከመነዳሪ። ግን እናቶቼን አመጣልኝ! አንዷማ ጤና ጣቢያ ልትደርስልኝ አልቻለችም፣ እዚያው ውሃው መሃል ወለደች። አብሬያት ጀልባው ላይ ስለነበርኩ እኔ አዋለድኩ፤ ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ ጣርማ በር አዙረው፣ ዘወር ሳይሉ፣ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያሉ ገመድ ሲስቡ ነበር። ዳር ደርሰን «ሴት ናት ጋሼ» ብላቸው፣ «እኔ ምንም አላየሁም» አሉኝ። ያንን ፊታቸውን እስክሞት አልረሳውም።

ከዚያ ዝናው ተሰማና ቢሮዎቹ ነቁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት ጀልባውን ፎቶ አንስቶ ሄደና «ልምዱን እናሰፋለን» ተባለ። ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ እንድሪስ በባለሙያነት፣ እኔ ከጤና በኩል ተጠራን። ሰብሳቢው ወጣት ነው፣ አፉ ማር ነው፣ ጫማው አቧራ አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ናሙና ቱቦ አስቀምጧል። የሚያብረቀርቅ። ገና ሳየው አወቅኩት፣ ያ የአስማማው የመጋረጃ ቱቦ ዘመድ ነው።

ጋሽ እንድሪስ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ተመለከቱበት። ሚስማራቸውን ነቅለው መቱት። «ይሄ አይሆንም» አሉ።

«ጋሼ፣ ልኩ እኮ ያው ነው» አለ ሰብሳቢው፣ ሜትር አውጥቶ በውጪው በኩል እየለካ። «የእርስዎም ሠላሳ ሚሊ፣ ይሄም ሠላሳ ሚሊ።»

«ልጄ፣ ውጪውን ነው የለካኸው። ውስጡን እየው።»

ይህን ብለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። እንደ ገለባ እጥፍ አለ። ይኼኔ አንድ ጤነኛ ሰው ምን ይላል? «አመሰግናለሁ፣ አዳኑን» ይላል አይደል? የእኛዎቹ ሳቁ! «ጋሼ ጉልበተኛ ነዎት እኮ» ተባለ። ሌላው ቀጠለ፤ «የመንግሥት ጀልባ በተጣለ ቃሬዛ ይሠራል እንዴ? ለምርቃት ደስ አይልም።» ጋሽ እንድሪስ አልሳቁም። «ሰው ነው የሚቀመጥበት» አሉ፣ ቀስ ብለው። ሰብሳቢው «ሐሳቡ ተይዟል» አለና ለስላሳ መጠጥ ዞረ፣ ከለስላሳው ጋር ደግሞ የመገኘታችን መቆጣጠሪያ ወረቀት ዞረ።

ስብሰባ የገባ የአገሬ ሰው ይህን ወረቀት ያውቀዋል። ስም፣ ከየት፣ ፊርማ። ማንም አንብቦት አያውቅም፣ የሚነበብ ነገርም የለውም። እኔ ፈረምኩ። ጋሽ እንድሪስም መነጽራቸውን አድርገው በአረብኛ ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ የሠርግ ውል ይመስል ተጠንቅቀው ስማቸውን ጻፉ። ያን ወረቀት ባልነካሁት ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

የቢሮው ጀልባ በዚያው በሚያብረቀርቀው ቱቦ ተሠራ። ክረምት ሲገባ ሪባን ተቆረጠ፣ ብር መስሎ ያብለጨልጫል፣ ፎቶ በፎቶ ሆነ። በሦስተኛው ምልልስ ውሃው መሃል ላይ ወገቡ እጥፍ አለ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያ ስብሰባ ላይ እንደታጠፈው ነው የታጠፈው። ጋሽ እንድሪስን ማንም አልጠራቸውም ነበር፤ ግን ገመዳቸውን ይዘው ዳር ላይ ቆመው ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው ገመዱን ወገባቸው ላይ አስረው ገቡ። ዳር ከነበሩት ሰዎች ጋር ሆነው ውሃ ውስጥ የወደቁትን አንድ በአንድ አወጧቸው። ከመሃላቸው የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። እናትየው ተረፈች። ልጁ አልተረፈም፤ እዚያው አሸዋው ላይ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

አሁን የሚመጣው ነው ደሜን የሚያፈላው። ሪፖርት ተጻፈ። «አደጋው የደረሰው በዲዛይን ጉድለት ነው፤ የቱቦው ምርጫም በባለሙያው ፊርማ የተረጋገጠ ነው» ይላል። በዚህም ምክንያት በቤት ውስጥ የተሠራ ማንኛውም ጀልባ ታገደ። የቃሬዛው ጀልባ፣ ሁለት ክረምት አንድ ሰው ያልጣለው፣ ተወስዶ መጋዘን ተቆለፈበት። ጋሽ እንድሪስ ቢሮ ተጠርተው ሪፖርቱ ሲሰጣቸው አብሬያቸው ነበርኩ። አነበቡት። ገለበጡት። እንደገና አነበቡት።

«ቱቦውን ማን መረጠው የሚል መስመር የለበትም» አሉ።

«ጋሼ፣ ፊርማዎ አለ እኮ» አለ ሰብሳቢው። ገልጦ አሳያቸው። ያ የመገኘት ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጀርባ ተያይዟል። ከሥሩም «ከላይ የተጠቀሰውን በሙሉ ድምፅ አጽድቀናል» የሚል በሌላ እስክሪብቶ ተጽፎበታል።

«ወላሂ፣ ይሄ መምጣቴን ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «መስማማቴን አይደለም።»

የእኔም ስም ከሳቸው ሥር አለ። እኔስ ምን አልኩ? ምንም። እኔ አፈ ሹሏ፣ እኔ ነዳጇ፣ ያን ሰዓት ምላሴ ተያዘ። ቢሮው ውስጥ ዝም ብዬ በረንዳው ላይ ወጥቼ ጮህኩ። በረንዳ ላይ መጮህ ለማን ይጠቅማል? ጋሽ እንድሪስ ግን አልተቀየሙኝም። «አብሽሪ ሲስተር፣ አላህ የሚያውቀውን አይረሳም» ብለው ባጃጅ ጠሩልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሲሰጣቸው አይፈርሙም ነበር። ከፈረሙም መጀመሪያ ከጽሑፉ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ በሙሉ መስመር ያሰምሩበታል፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ጉንዳን እንኳ እንዳታልፍ አድርገው። የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ልጆች «ጋሼ ወረቀቱን ጨረሱት» ብለው ይስቁ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ክረምት በመጣ ቁጥር ደግሞ ማመልከቻ ይዘው ይሄዳሉ፤ «ጀልባዬ ይውጣልኝ፣ ወንዙ ሊሞላ ነው።» «በሂደት ላይ ነው» ይባላሉ። ሂደት የሚሉትን ነገር ባገኘው በጥፊ ባልኩት!

ሐምሌ ላይ ሞቱ። ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግደው ጋደም እንዳሉ ቀሩ። መቃብሩ ከወንዙ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው፤ እኛ ሴቶቹ መንገዱ ዳር ቀረን፣ ወንዙ ከዚያ ይታያል። ሞልቷል። ማዶ ሰው ተሰብስቧል። ሰልፍ ሠርተው ቆመዋል፣ ነጭ በነጭ ሆነው። በጀልባው የተሻገሩት ወንዶች፣ የተሻገሩት እናቶች ባሎች፣ አባቶች። ከኋላቸው ሴቶቹ፣ ልጅ ያዘሉ። ኢማሙ ከዚህ በኩል «አላሁ አክበር» ሲሉ እነሱ ከማዶ እጃቸውን አነሱ። ሰውየው እነሱን ለማሻገር ብለው ዕድሜያቸውን ጨረሱ፤ እነሱ ግን አንድ እፍኝ አፈር ሊያለብሷቸው መሻገር አቃታቸው። ጀልባው ያለው ደግሞ ከመቃብሩ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ቁልፍ ውስጥ ነው። ይህን አይቶ የማይነድ ሰው ካለ ልቡ ይመርመር።

እንግዲህ በሦስተኛው ቀን ነው ያ የምስክር ወረቀት የመጣው። ሰብሳቢው ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ ስለ ጋሽ እንድሪስ ታታሪነት ተናገረ፤ ደህና አድርጎ ተናገረ፣ አፉ ማር ነው ብያለሁ። እትዬ ዘሃራ ከውስጥ፣ ከሴቶቹ በኩል ነው ያሉት። ንግግሩ ሲያልቅ ድምፃቸው በመጋረጃው መጣ።

«ወረቀቱን ሰማሁ። ጀልባውስ?»

«እትዬ፣ እሱ እንግዲህ... ማመልከቻ ያስገቡና በሂደት ይታያል» አለ።

ተነሣሁ። «ፋይላችሁን ክፈቱ! ሰውየው በየክረምቱ ያስገቡት የማን ነው? ስንት ማመልከቻ ነው የምትፈልጉት?»

«ሲስተር፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ተረጋጊ እንጂ።»

«ለቅሶ ቤት መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ያላወቃችሁት እናንተ ናችሁ!» ይህን በረንዳ ላይ አይደለም የተናገርኩት፣ ፊቱ ላይ ነው።

ዓይን አውጣነቱ አላለቀም። አብሮት የመጣው ሰው ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። ባለቤታቸው «ተረክቤያለሁ» ብለው ይፈርሙ አለ። ወረቀቱ በእጅ በእጅ አልፎ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ፊርማ የለበትም። ከላይ እስከ ታች መስመር ብቻ ተሰምሮበታል።

ሰዎቹ ሲወጡ እትዬ ዘሃራ አስጠሩኝ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም፣ ዒዳ ይሉታል። ፍራሹ ላይ ተቀምጠው አጠገባቸው የታጠፈ የመኪና ሸራ አለ። ያንን ትልቅ መርፌም አየሁት።

«እኔ እዚሁ ሆኜ መስፋት እችላለሁ» አሉኝ። «አጥንቱን ሄዶ የሚመርጥልኝ ነው ያጣሁት። አንቺ አጠገቡ ሆነሽ አይተሽ የለ?»

«እትዬ፣ ክልክል ነው እኮ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ።

«ከድጃ ስትሞት ማን ከለከለ?» አሉና ከጉያቸው አውጥተው ያንን ረጅም ሚስማር እጄ ላይ አኖሩት።

በማግስቱ አስማማው ግቢ ሄድኩ። ብቻዬን ስለሆንኩ አላወቀኝም መሰለኝ፣ የሚያብረቀርቀውን አውጥቶ «ለመጋረጃ ነው እህቴ?» አለኝ።

«ሰው ነው የሚቀመጥበት» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። አልቀለደም። ቱቦውን መልሶ ጥጉን አሳየኝ፣ ግራጫዎቹ ወዳሉበት። አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አየሁባቸው፣ መታሁ፣ አዳመጥኩ፣ ጉልበቴ ላይ አጎበጥኩ፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለው። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። የተመለሰውን ሁሉ ለብቻ አኖርኩ። ከዚያ በጋሽ እንድሪስ ሚስማር እያንዳንዱ ላይ ስሜን ጫርኩበት፣ አስካለ፣ አስካለ፣ አስካለ። ሪፖርት የሚጽፍ ካለ ቱቦውን ማን እንደመረጠው እዚያው ላይ ያነበዋል።